ደጅ ያጣ መርዶ

የደስታ ወሬ ወግ አይጠይቅም። ታክሲ ውስጥ ይነገራል፣ ሥጋ ቤት ተራ እየተጠበቀ ይነገራል፣ መንገድ ተሻግሮ ይጮኻል። አንዱ ከወዲያ ማዶ «ወለደች!» ቢል፣ የወለደችውን የማያውቃትም ሰው ከወዲህ ማዶ «እንኳን ማርያም ማረቻት!» ይላል፤ አለቀ። ክፉ ወሬ ግን እንደ ትልቅ እንግዳ ነው። ሰዓት ይመርጣል። አጃቢ ይፈልጋል። በእኛ አገር እናቱ የሞተችበትን ሰው በስልክ ደውሎ «እናትህ ሞተች» ማለት ነውር ብቻ ሳይሆን ጭካኔ ነው። ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ ጎህ ሲቀድ፣ ሰውየው ፊቱን ሳይታጠብና እህል ሳይቀምስ በሩ ይንኳኳል። ከፍቶ ያን ሁሉ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ሲያይ፣ ማንም ምንም ሳይናገር ነገሩ ይገባዋል። መርዶ ነጋሪ ብዙ ጊዜ አፉን ሳይከፍት ነው ሥራው የሚያልቅለት።

ይህን ወግ አላጣጥልም። ያወጡት ሰዎች ብልሆች ነበሩ፤ እንዲህ ያለውን ነገር ሰው ብቻውን ቆሞ መስማት እንደሌለበት ያውቁ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ሳያስቡ ቀሩ። ሐዘንተኛ ሁሉ በር ይኖረዋል ብለው ደመደሙ።

በር የሌለው ሰው ሲያጋጥምስ? ይህ ጉድ የገጠመው እኔን ነውና ልንገራችሁ።

ንጉሤ እባላለሁ። ዕድሜዬን የፈጀሁት አዳማ መናኸሪያ፣ ስምሪት ክፍል ነው። ሥራዬ መኪናው ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ ወረቀት ላይ ጽፎ ማኅተም መምታት ነበር። አዳማ፣ አሰላ። አዳማ፣ ባቱ። መድረሻው ያልተጻፈ መኪና ሹፌሩ ቢለምንም ቢሳደብም ከግቢው አይወጣም። ስለዚህ የእህቴ ልጅ ቤዛ ሠርጓ ባለፈ በሳምንቱ መጥታ «ጋሼ፣ እኔና ናኦል በመኪና አፍሪካን ልንዞር ነው» ስትለኝ፣ ከአፌ የወጣው የሠላሳ ዓመት ልማዴ ነው።

«እሺ፣ የት ነው የምትደርሱት?»

«መድረስ የለውም። መሄድ ነው።»

ጡረታ ወጥቼ ማኅተሜን ባላስረክብ ኖሮ፣ እነዚህ ልጆች ከአዳማ ባልወጡ ነበር።

ናኦል የቤዛ ባል ነው፤ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ሳቂታ፣ ለሰው ሟች የሆነ ልጅ። አባቱ ኦቦ ቶሎሳ በባቱ መስመር የሚሠራ ሚኒባስ ነበራቸውና «ሠርታችሁ ብሉበት» ብለው ለሠርጉ ስጦታ ሰጡት። ልጁ ስጦታውን እጅ ነሥቶ ተቀበለ፤ በሳምንቱ ወንበሮቹን አንድ በአንድ ነቅሎ አወጣቸው። በወንበሮቹ ቦታ አልጋ ገባ፣ ቁም ሣጥን ገባ፣ ቡታጋዝ ገባ፣ ቤዛ ራሷ የሰፋችው አበባ አበባ ያለበት መጋረጃ ተሰቀለ። የሰፈሩ ሰው ለቅሶ ቤት እንደሚገባ ተራ በተራ እየገባ አየው። አንዷ ጎረቤታችን አልጋውን በእጇ ጫን ጫን አድርጋ ሞክራ ስትወጣ «የቤት ኪራይ ከብዷቸው ነው እንዴ?» ብላ በጆሮዬ ጠየቀችኝ። ኦቦ ቶሎሳ ግን ወደ ውስጥም አልገቡም። መኪናውን ሁለት ጊዜ ዞሩት፣ ጣሪያውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት።

«ያ ዋቃዮ! አሥራ ሁለት ሰው የሚጭን መኪና ሁለት ሰው ይዞ ይጥፋ?»

ከዚያ በኋላ ልጃቸውን ለሦስት ቀን አላናገሩትም።

ሁላችንም ይህን ያህል ስንንጫጫ ዝም ያለችው እህቴ አስካለ ብቻ ነበረች፤ የቤዛ እናት። አስካለ ባሏ ቶሎ ሞቶባት፣ ከዓለም ጤና ሽንኩርት እያመጣች አዳማ ገበያ በጅምላ እየሸጠች፣ አንዲቷን ልጅ ለብቻዋ ያሳደገች ሴት ናት። ጉልበቷ ከወንድ፣ ምላሷ ከጠበቃ ይበልጣል። እሷ ትከለክላቸዋለች ብዬ ነበር ተስፋዬ። «ምነው ዝም አልሽ?» ብላት፣ የሽንኩርት ልጣጭ ከቀሚሷ ላይ እያራገፈች፣ «እኔ ከዓለም ጤና አልፌ የማውቀው አገር የለም። እሷ ትይልኝ» አለችኝ።

የሄዱ ዕለት ግማሽ ጆንያ ቀይ ሽንኩርት አልጋቸው ሥር ሸጎጠችላቸው። ናኦል «እማማ፣ ኬንያ እኮ ሽንኩርት አለ» ቢላት፣ «የኬንያ ሽንኩርት አያስለቅስም ይላሉ» አለችው። ማን እንዳላት እግዜር ይወቅ። መኪናው ሲነሣ እስከ አስፋልቱ ድረስ ከኋላ ከኋላው ተከተለች፤ ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ በዚያው ወደ ገበያዋ ሄደች። ከእኔ በቀር ያለቀሰ ሰው አልነበረም።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወሮች ጥሩ ነበሩ። እሑድ እሑድ ቤዛ በቪዲዮ ትደውላለች። አስካለ ስልኩን ይዛ ገበያውን ሙሉ ትዞራለች፤ ቲማቲም ነጋዴው፣ ድንች ነጋዴዋ፣ ተሸካሚው ሁሉ ቀጭኔ ያያል። «ይቺ እንስሳ ምን ለማየት ነው ይህን ያህል የተንጠራራችው?» ትላለች አስካለ፤ ገበያው ይስቃል። ልጅቷ በዚያ በኩል ትስቃለች። አንድ እሑድ ጨርሳ ስትዘጋ «ወፍራለች አይደል?» አለችኝ። አልወፈረችም። «ወፍራለች» አልኳት። ውሸቱ ያኔ ነው የጀመረኝ መሰለኝ።

በአንድ ማክሰኞ ጠዋት አስካለ የመጣላትን ሽንኩርት እያስወረደች «ራሴን!» አለችና ጆንያው ላይ ቁጭ አለች። ደም ግፊት እንዳለባት ከተነገራት ቆይቷል፤ ኪኒኑን ስታስታውስ ትውጣለች፣ ስትረሳ «ደህና ነኝ ማለት ነው» ትላለች። ሐኪም ቤት አደረስናት፤ ከቀትር አላለፈችም። በማግሥቱ ቀበርናት።

ታላቅ እህቴን ነው። በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችኝን። ግን እንባዬን ገና ሳልጨርስ፣ ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን ማየት ጀመረ። ቤዛስ?

በቤተሰባችን መርዶን የሚያዙት እማማ ዘነበች ናቸው፤ የእናቴ ታናሽ፣ እሳቸው ያልመሩት መርዶ እንዳልተነገረ የሚቆጠር ሴትዮ። አንዱ ወጣት «ለምን አንደውልላትም?» ቢል፣ እንደ ሰደባቸው ሆነው አዩት።

«በስልክ? በሰው በረሃ ላይ ደርቃ እንድትቀር? ሰው ይሰብሰብና ቤቷ ተሂዶ ነው የሚነገራት!»

«እማማ፣ ቤቷ እኮ ይሄዳል» አልኳቸው።

«እና ተከትላችሁት ሂዱ!»

ኦቦ ቶሎሳ መፍትሔ አመጡ። «እኔ ለልጄ ልንገረው። ወንድ ነው፣ ይችለዋል። ያሉበትን ይንገረንና እዚያ ያለ የአገር ሰው ፈልገን ሽማግሌ እንላክ።» ሁላችንም ሸክም እንደወረደለት ሰው ተነፈስን። ደወሉ። ናኦል ስልኩ ላይ እንደ ሕፃን አለቀሰ አሉ፤ ከዚያ «እሺ አባቴ፣ ሽማግሌ ላኩልን» አለ። ሳይርቅ በቅርቡ እንዲሉ፣ ያኔ ያሉት ገና ናይሮቢ አጠገብ ነበር። የአዳማ ልጅ ናይሮቢ ምግብ ቤት አለው፤ ተለመነ። ሥራ ፈትተው ስድስት ደግ ሰዎች ተሰበሰቡ፤ ጎህ ሲቀድ ናኦል የጠቆመው የመኪና ማደሪያ ደረሱ። የጎማ ዱካና የሽንኩርት ልጣጭ አገኙ። ሄደዋል። «ቤዛ ድንገት ካልተነሣን አለች» የሚል መልእክት ከናኦል መጣ።

ቀጥሎ አሩሻ። እዚያ ደግሞ አንድ የሞጆ ሰው ተገኘ፤ ሰው አስተባበረ፣ እንደ ደንቡ በማለዳ ሄዱ። የተባለችው ነጭ መኪና ቆማለች። አንኳኩ። ከሴቶቹ አንዷ ሆደ ባሻ ናትና በሩ ሳይከፈት ማልቀስ ጀምራለች። በሩ ተከፈተ፤ ሁለት ሸበቶ ፈረንጆች ባልና ሚስት በፒጃማ ብቅ አሉ። የእኛዎቹ መኪና በዋዜማው ነቅሎ ሄዶ፣ ቦታውን እነዚህ ተክተውታል። የሞጆው ሰውዬ ስልክ ደውሎ ሲነግረኝ በጣም እያፈረ ነው።

«ታዲያ ምን አደረጋችሁ?» አልኩት።

«ምን እናድርግ፤ ፈረንጁ ሽማግሌ ፊታችንን አይቶ ምንም ሳይጠይቅ ውሃ ጣደ። ሻይ ጠጥተን መጣን። እነሱም አዘኑ።»

ማላዊ ላይ የተገኘው አንድ ሰው ብቻ ነው። መርዶ ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን አይነግርም።

እስከዚያው እሑድ እሑድ ስልኩን የማነሣው እኔ ነኝ። እማማ ዘነበች ሾሙኝ፤ «አንተ አፍህ ይጣፍጣል» ብለው። የመጀመሪያው እሑድ የአስካለን ስልክ ጣልኩትና ሰበርኩት፤ በአፌ ማለቴ ነው። በሁለተኛው ዓለም ጤና ላክኋት፤ እርሻው መሀል ኔትወርክ የለም። በሦስተኛው ሱባኤ አስገባኋት። በአራተኛው ድምፅዋን ዘጋሁት፤ ሐኪም እንዳትናገር ከልክሏታል አልኩ። አሁን ሳስበው፣ አንዲት ሴት በአራት ሳምንት ውስጥ ስልኳ ተሰብሮ፣ ኔትወርክ የሌለበት ሄዳ፣ ሱባኤ ገብታ፣ ድምፅዋ ተዘጋ ሲባል የሚያምን ሰው ሞኝ ብቻ ነው፤ ቤዛ ደግሞ አንድም ቀን ሞኝ ሆና አታውቅም። ይህን ያኔ ማሰብ ነበረብኝ። ነገር ግን የሚዋሽ ሰው ሐሳቡ ሁሉ የሚቀጥለው ውሸት ላይ ነው።

በአምስተኛው እሑድ ልጅቷ «አቅርባት» ማለቷን ተወች።

«እሺ ጋሼ፣ ማናገሩ ይቅር። አንተ ጠይቅልኝና ምን እንዳለች ንገረኝ። ሽንኩርቱን ስጠብስ ይመረኛል። ለምን እንደሆነ ጠይቅልኝ።»

ሳምንቱን ሙሉ ይቺን ጥያቄ ተሸክሜ ዞርኩ። ገበያ ሄጄ የአስካለን ባልንጀሮች ጠየቅሁ። አንዷ ዘይቱ በዝቶ ነው አለች፣ ሌላዋ ድስቱ ስስ ሆኖ ነው አለች። እኔ ግን የፈለግሁት ትክክለኛውን መልስ አልነበረም፤ የአስካለን መልስ ነበር። እሑድ ጠዋት ገበያ የምትቀመጥባትን ዱካ አውጥቼ ተቀመጥኩባት፤ ጠበቅሁ። መጣልኝ።

«'ችኩል ነሽ፤ ከልጅነትሽ ጀምሮ ችኩል ነሽ። እሳቱን ቀንሺና ሌላ ሥራ ሥሪ፤ ሽንኩርት አፍጥጠው ሲያዩት ይቃጠላል' ብላለች» አልኳት።

ቤዛ ሳቀች። «እሷ ናት። ራሷ ናት» አለች። ከዚያ ብዙ ዝም አለች። ኔትወርኩ ነው ብዬ «ሃሎ፣ ሃሎ» አልኩ።

ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ ጥያቄ አለ። የራስ ምታት ሲይዝ ምን ይደረጋል፤ ናኦል ሲያኮርፍ ይታለፋል ወይስ ይነገራል። «'ርቦሽ አትናገሪው፤ መጀመሪያ ብዪ፣ ከዚያ ተናገሪው' ብላለች» አልኳት፤ ለአስካለ እንኳ ሲበዛባት ነው፤ ግን ከአፌ ሲወጣ በእሷ ድምፅ ነበር የወጣው። አንድ ነገር ልናዘዝላችሁ፣ አትፍረዱብኝ። እሑድን ወደድኩት። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ እህቴ የሞተች ናት፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ ትመጣለች፣ ትመክራለች፣ ትሰድበናለች። ቅዳሜ የአርባ ቀን ተዝካሯን አወጣን። በማግሥቱ ሰላምታዋን አደረስኩ።

እንዲህ አድርገን አምስት ወር ሄድን። ከዚያ አንድ እሑድ ስልኩ ሳይጮኽ ዋለ። ሐሙስ ጠዋት ባጃጅ ከእህቴ ጋር እንኖርበት በነበረው ቤት ደጅ ላይ ቆመና ቤዛ አንድ ሻንጣ ይዛ ወረደች። ፀሐይ አጥቁሯታል፤ ቀሚሱ ሰፍቷታል። ብቻዋን ናት። ሦስት ጊዜ ሳመችኝና አልፋኝ ገባች፤ የእናቷን አልጋ አየች። ፍራሹ ተጠቅልሎ ግድግዳው ተደግፏል።

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«ምኑን?» አልኩ። ይህን ያልኩት እኔው ነኝ፤ ፍራሹ እዚያ ቆሞ።

«እማዬን።»

«መቼ አወቅሽ?»

«በዘጠነኛው ቀን።»

ከገበያው ልጆች አንዷ የአስካለን ፎቶ ከነሻማው ስልክ ላይ ለጥፋ «ነፍስ ይማር» ጽፋ ነበር። ሰው ተቆጣትና በአንድ ሰዓት ውስጥ አነሣችው። በዚያች በአንዲቷ ሰዓት ውስጥ፣ ኬንያ ውስጥ አንድ ዛፍ ሥር፣ ቤዛ ስልኳን ከፍታ ነበር።

አጠገቧ ተቀመጥኩ። እሷ ናት የተናገረችው።

«ናኦል ውሃ ሊቀዳ ሄዶ ነበር። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል። ለካ እሱም ያውቃል፤ የአባቱን መልእክት ስልኩ ላይ አየሁ። አሁን ይነግረኛል ብዬ ጠበቅሁ። 'ዛሬ ምሳ እኔ ልሥራ' አለኝ። በማግሥቱ ይነግረኛል አልኩ። አልነገረኝም። ጠዋት ጠዋት መሪውን ይዞ ሲያለቅስ በመስታወቱ አየዋለሁ። ወደ እኔ ሲዞር ይስቃል። ስለዚህ እኔም እስቃለሁ።»

«ሽማግሌ ልከን ነበር እኮ! ናይሮቢ ላይ፣ አሩሻ ላይ…»

«አውቃለሁ። መልእክት በመጣለት ቁጥር 'ተነሽ፣ የሚያምር ቦታ ሰምቻለሁ' ይለኛል። እነሱ ሳይደርሱ እንነሣለን። እንዲህ ነው ያን ሁሉ አገር ያየሁት ጋሼ።»

ያኔ ገባኝ። ስድስት ሰው ሥራ አስፈትተን፣ የፈረንጅ ባልና ሚስት ከእንቅልፍ ቀስቅሰን ስናሳድዳት የከረምነው መኪና ሆን ብላ ትሸሸን ነበር። ልጁ የሚወዳት ሚስቱ ስታለቅስ ማየት አልቻለም። ስለዚህ ነዳ። የእህቴን ሞት ከኋላው ጥሎ የሚያመልጥ መስሎት ድንበር እየተሻገረ ነዳ፤ ሞቱ ግን እዚያው አልጋው ላይ፣ በሁለቱ መሀል ተኝቶ አብሮ ይሄዳል። ክንድ በማትሞላ ስፋት ውስጥ ሁለት ሰው አንዱ ከሌላው አንድ ሬሳ ደብቆ አምስት ወር!

«አንቺስ ለምን አልተናገርሽም?»

«ከተናገርኩ ሞተች ማለት ነዋ።» ቀጥላ ደግሞ፣ «አንተንም ልጠላህ ፈልጌ ነበር። ግን እሑድ እሑድ እሷን ታመጣልኛለህ። ማን እንደዚያ ያደርግልኛል?»

አላለቀስኩም ብዬ አልዋሽም፤ ውሸቱ በቅቶኛል።

ለምን ትታው እንደመጣች ስጠይቃት አጭር ነበር መልሷ። ዛምቢያ አንድ ትልቅ ፏፏቴ አጠገብ አቆማት፤ ፎቶ ሊያነሣት። ፊቷ ከብዶበት «ሳቂ እንጂ! ለእማማ እንልክላታለን» አላት። ሳቀች። አነሣት። በማግሥቱ «ቤት ልሂድ» አለችው። «ይኸው ቤታችን» ብሎ መኪናውን አሳያት። እሷም ሻንጣዋን ይዛ አውቶቡስ ተሳፈረች፤ ቀጥሎ አውሮፕላን።

መምጣቷን እማማ ዘነበች በሰዓቱ ሰሙ። ቅዳሜ ማለዳ ሰው ይዘው እንደሚመጡ አስነገሩ።

«እማማ፣ ልጅቷ እኮ ታውቃለች» አልኳቸው።

«ማወቅና መረዳት አንድ ነው?» አሉኝ።

ተከራከርኳቸው። ያወቀን ሰው ማርዳት ቲያትር ነው አልኩ። ቤዛ ራሷ «ይምጡ ጋሼ፣ ተዋቸው» ስትል ነው ዝም ያልኩት። ቅዳሜ ገና ሳይነጋጋ ተነሥታ ፊቷን ታጥባ፣ ነጠላዋን ለብሳ፣ የእናቷ አልጋ ጠርዝ ላይ እንደ እንግዳ ቁጭ ብላ ጠበቀች። በሩ ተንኳኳ። እኔ ከፈትኩ። ዘጠኝ ሰው፤ ኦቦ ቶሎሳም አሉበት፤ አንገታቸውን ደፍተዋል። ማንም አልተናገረም። እማማ ዘነበች ሄደው ራሷን በሁለት እጃቸው ያዙና «ቤዛዬ፣ እናትሽ እኮ…» ከማለታቸው፣ አምስት ወር ሙሉ የምታውቀው ልጅ ጮኸች። እንዲያ ያለ ጩኸት በቀብሩም ዕለት አልሰማሁም። ዘጠኙም ሰው አብሯት ወደቀ። ቲያትር ነው ያልኩት ሰውዬ ከበሩ ኋላ ቆሜ፣ ይህ ሁሉ ጊዜ ከእሷ የሰረቅነው ምን እንደነበር ያኔ አየሁ።

ናኦል በሦስተኛው ሳምንት ደረሰ። ያን ሁሉ አገር ብቻውን ነድቶ ተመልሶ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ መኪናውን ደጃችን ላይ አቆመ። ወርዶ አላንኳኳም። ጢሙ አድጓል፣ ጉንጩ ገብቷል። ውሃ በጣሳ ይዤለት ወጣሁ።

«ግባ እንጂ ልጄ።»

«በምን ፊቴ ልግባ ጋሼ? እሷን ጥሩልኝ ብቻ።» ውሃውን ይዞ አልጠጣውም። «እንዳታለቅስ ብዬ ነው። እርስዎም ያውቃሉ። ጥፋቴ የቱ ላይ ነው?»

እሱ ካጠፋ እኔም አጥፍቻለሁ፤ እሱ በመሪ ሸሸ፣ እኔ በምላሴ። ልዩነታችን እኔ አጎት መሆኔ ነው። አጎት አይፈታም።

ቤዛ ወጣች። ከፊት ወንበር ከጎኑ ተቀመጠች፤ መስታወቱን ዘጉት። እኔ መስኮት ሥር ቁጭ ብዬ የተለቀመ ምስር እንደገና እለቅማለሁ። አንድ ሰዓት ያህል ቆዩ። መጀመሪያ እሱ ሲያለቅስ አየሁ፤ ቀጥሎ እሷ፤ ቀጥሎ ሁለቱም ተቃቅፈው። ተመስገን አልኩ። ታረቁ ብዬ ምስሩን ትቼ ቡና ቤት ለስላሳ ላዝዝ ተነሥቼ ነበር። የመኪናው በር ተከፈተና ቤዛ ትራሷንና አንዲት ትንሽ ድስት ይዛ ወረደች። መኪናው ቀስ ብሎ ተነሥቶ ሄደ።

«ምን ተባባላችሁ?»

«ሁሉንም ነገርኩት። እሱም ነገረኝ።»

«ጎሽ! ታዲያ እውነቱን ከተነጋገራችሁ…»

«ከዚያ ሌላ የቀረን ነገር አልነበረም ጋሼ» አለችና ድስቱን ወደ ጓዳ ይዛ ገባች።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ይጠራል። ሲጠራ ግን የሚያሳየው አንዳንዴ ባዶ ሜዳ ነው።

አሁን ቤዛ ገበያ ውላ ትመጣለች። ናኦልም እዚሁ አዳማ፣ ከእኛ ሦስት መንደር ማዶ ተከራይቶ ይኖራል፤ መለያየታቸውን ግን ጮክ ብሎ የሚናገር የለም። ሁለቱም ደህና ናቸው ይባላል፤ ሁለቱም ሲስቁ ግን አላየሁም። ባለፈው እድር ላይ አንድ ጎረቤቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «የቤዛ ባለቤት ግን የት ደረሰ?» አለኝ። ይህን ሰውዬ በዚያው ጠዋት ከናኦል ጋር አንድ ትሪ ላይ ፉል ሲበላ በዓይኔ አይቼዋለሁ። እሱም እንዳየሁት አይቷል።

«እዚያው ውጭ ነው» አልኩት። «መንገዱ ረዝሞበት ነው።»

«ይቅናው» አለኝ፤ ከልቡ የመሰለ ነው።

ሁለታችንም ዞር ብለን የእድሩን ስብሰባ ማዳመጥ ጀመርን።